ከኮምቦልቻ ባሕር ዳር በአየር

ከሐይቅ ወይም ከአምባሰል ተነስቶ ለክልል ጉዳይ ባሕር ዳር መድረስ ያለበት ሰው በአየር ልሂድ ካለ ጉዞውን የሚጀምረው ወደ ደቡብ ነው። የሚቀርበው አውሮፕላን ማረፊያ ኮምቦልቻ ነውና። ከሐይቅ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ለመድረስ ሌላ 25 ገደማ ይቀረዋል። ከውጫሌ ለሚነሳማ ከዚህም ይርቃል።

ኮምቦልቻና ባሕር ዳር በአየር ቀጥታ ቢለኩ የሚራራቁት 267 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ልኬቱ የሚገኘው የሁለቱን ማረፊያዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ ይዞ፣ የምድርን ክብነት አስልቶ፣ በገጿ ላይ አጭሩን መስመር በመፈለግ ነው። መስመሩ የበሽሎን ሸለቆ ተሻግሮ በደቡብ ጎንደር ሰማይ ወደ ጣና ያመራል። መኪና በወልዲያና በደብረ ታቦር እንዲዞር የሚያስገድደው ገደል አውሮፕላንን አያግደውም።

ሰዓቱስ? በአገር ውስጥ መስመሮች በብዛት የሚበረው ዳሽ 8-400፣ ብዙዎች ኪው 400 የሚሉት ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን፣ ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት 660 ኪሎ ሜትር ያህል ሊጓዝ ይችላል። በዚህ ፍጥነት 267 ኪሎ ሜትር የ24 ደቂቃ መንገድ ነው። አውሮፕላን ግን ከበሩ መዘጋት እስከ በሩ መከፈት ሁልጊዜ በዚያ ፍጥነት አይሄድም፤ ይንደረደራል፣ እየከበደው ወደ ላይ ይወጣል፣ ዝቅ ሲል ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ለማረፍ ተራ የሚጠብቅበትም ጊዜ አለ። ለዚህ ሁሉ ግማሽ ሰዓት መጨመር የተለመደ ግምት ነው። በአጭር በረራ ላይ ጭማሪው ከዋናው ጉዞ ይበልጣል። ያም ሆኖ ቀጥታ በረራ ቢኖር ከኮምቦልቻ ባሕር ዳር አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ይደረስ ነበር።

የተለመደው ጉዞ ግን በአዲስ አበባው ቦሌ በኩል ነው። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ 253፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር 333፣ በድምሩ 586 ኪሎ ሜትር፤ ከቀጥታው እጥፍ በላይ። በረራዎቹ ብቻ ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳሉ፤ ቦሌ ላይ የሚጠበቀው ከዚህ ውጭ ነው። የሐይቁ ሰው ወደ ሰሜን ምዕራብ ለመሄድ መጀመሪያ ወደ ደቡብ ይርቃል፣ ከዚያ ከሄደው በላይ ወደ ሰሜን ይመለሳል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራዎቹን በአንድ ማዕከል መሰብሰቡ ምክንያት አለው። ከኮምቦልቻ የተነሳው፣ ጂጂጋ የሚሄደውም ጋምቤላ የሚሄደውም፣ እስከ ቦሌ በአንድ አውሮፕላን ስለሚሳፈር ወንበሩ ይሞላል። ከክልል ክልል ቀጥታ ቢበር ባዶ ወንበር ይዞ ነዳጅ የማቃጠል ሥጋት አለ። ሆኖም አየር መንገዱ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን የሚያያይዝ የቱሪስት መስመር ለብዙ ዓመታት ሠርቶበታል። ለጎብኚ የታሰበው ለወሎ ነጋዴ፣ ተማሪና ባለጉዳይም ሊታሰብ ይገባል፤ በሳምንት ሁለት ቀን ቢሆን እንኳ።

እስከዚያው ትኬት የምትቆርጡ ሁሉ፣ ከበረራው ርዝመት በፊት ቦሌ ላይ ስንት ሰዓት እንደምትቆዩ ጠይቁ።