የጀመዓው ዶሜይን ቁልፍ በማን እጅ ነው?



ዛሬ ብዙ የግቢ ጀመዓዎች የራሳቸው ድረ ገጽ አላቸው። የኢፍጣር ምዝገባው፣ የቂርአት ፕሮግራሙ፣ የፍሬሽ ተማሪዎች አቀባበሉ፣ የሙሐደራ ቅጂው እዚያ ላይ ይወጣል። ገጹን የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተር የሚገባው አንድ ወንድም ወይም አንዲት እህት ነው። ያ ሰው ሲመረቅ ተረኛው የይለፍ ቃል ተቀብሎ ሲፓነልን ይከፍታል፤ «ዞን ኤዲተር» የሚለውን ሲጫን ሃያ ሠላሳ መስመር የማይገባ ጽሑፍ ይደረደርለታል። አንዱን ብነካ ሁሉም ይጠፋል ብሎ ይፈራል። ወይም ሳይፈራ ይነካካል፤ ይህኛው ይብሳል።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ገጽ ነው። ኢንጂነሪንግ ለማይማሩትም እንዲገባ አድርገን ለመጻፍ ሞክረናል፤ ምክንያቱም አሚሩም ጸሐፊውም ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለበት።

ኮምፒውተሮች የሚፈላለጉት በቁጥር ነው፤ ስም የሚያስፈልገው ለእኛ ለሰዎች ነው። ስሙን ወደ ቁጥሩ የሚመራው አሠራር ዲኤንኤስ ይባላል። ድሮ፣ በኔትወርኩ ላይ ያሉት ኮምፒውተሮች ጥቂት በነበሩበት ጊዜ፣ የሁሉም ስምና ቁጥር በአንድ ፋይል ውስጥ ተጽፎ ካሊፎርኒያ ባለ አንድ የምርምር ተቋም ይቀመጥ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ ይቀዳ ነበር። ቁጥራቸው ሲበዛ ይህ አላስኬደም። እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ የተባለ ሰው ሌላ አሠራር ነደፈ፦ ሁሉን የሚያውቅ አንድ ቦታ የለም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ቀጥሎ ማን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ወሎ ውስጥ ደረሳ ኪታቡን ተሸክሞ ከሸይኽ ወደ ሸይኽ ይዞራል። ፊቅህ ያስቀሩት ሸይኽ «ነሕው ከፈለግህ እገሌ ዘንድ ሂድ» ብለው ይልኩታል፤ እዚያ ደርሶ ጠይቆ ወደ ሌላው ይቀጥላል። የሁሉንም ፈን ሊቅ አንድ ደጃፍ ላይ አያገኝም፤ ግን አቅጣጫ የሚያሳየው አያጣም። የስልካችን ጥያቄም እንዲሁ ይዞራል። የድረ ገጹን ስም ስንጽፍ ጥያቄው መጀመሪያ ሪዞልቨር ወደሚባል አገልጋይ ይሄዳል። መልሱ በእጁ ከሌለ ሪዞልቨሩ ከኤ እስከ ኤም ባሉት 13 ፊደላት ከሚጠሩት የሥር ሰርቨሮች አንዱን ይጠይቃል። እነሱ «ስሙ በኦርግ የሚያልቅ ከሆነ የኦርግን ጠባቂዎች ጠይቅ» ይላሉ፤ በኢቲ የሚያልቅ ከሆነ ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም ወደሚያስተዳድረው ይመራሉ። የኦርግ ጠባቂዎች በበኩላቸው «የዚህ ዶሜይን ኔምሰርቨሮች እነዚህ ናቸው» ይላሉ። ቁጥሩን በመጨረሻ የሚናገረው ኔምሰርቨሩ ነው።

ሌላውን ብትረሱ ይህችን ያዙ፦ የመጨረሻው ቃል የኔምሰርቨሩ ነው፤ ኔምሰርቨሩ ማን እንደሆነ የሚወሰነው ግን ሲፓነል ውስጥ ሳይሆን ስሙ በተገዛበት ቦታ፣ ማለትም ሬጂስትራሩ ዘንድ ነው። ስለዚህ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ። ስሙ የተመዘገበበት፣ መዝገቡ የሚነበብበት፣ ፋይሎቹ የተቀመጡበት። ሦስቱም አንድ ድርጅት ዘንድ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሦስት አገር ተበትነውም ሊሆን ይችላል። ዞን ኤዲተር የሚያስተካክለው ሆስቲንጉ ሰርቨር ላይ ያለውን መዝገብ ነው። ከእናንተ በፊት የነበረው ወንድም ኔምሰርቨሩን ወደ ክላውድፍሌር አዙሮት ከሆነ፣ ሲፓነል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ብትጽፉ የሚያነበው የለም። ሲፓነል ግን «ተቀምጧል» ብሎ አረንጓዴ መልእክት ያሳያችኋል፤ መቀመጡ እውነት ነውና። ማስታወቂያውን ሰው በማያልፍበት ግድግዳ ላይ እንደመለጠፍ ነው።

ስለዚህ ምንም ከመንካታችሁ በፊት ኔምሰርቨሩን እዩ። ዊንዶውስ ላይ የትእዛዝ መስኮቱን ከፍታችሁ በኤንኤስሉክአፕ፣ ሊነክስ ላይ በዲግ፣ ዓይነቱን ኤንኤስ አድርጋችሁ ዶሜይኑን ጠይቁ። የሚመጣው ስም የሆስቲንጉ ከሆነ ሥራችሁ ሲፓነል ውስጥ ነው። የሌላ ከሆነ ሲፓነልን ዝጉና የዚያኛውን አካውንት ቁልፍ የያዘውን ሰው ፈልጉ።

አሁን ወደ ሃያ ሠላሳው መስመር እንመለስ። አብዛኛውን ሲፓነል ራሱ የጻፈው ነው፦ ሜይል፣ ኤፍቲፒ፣ ዌብሜይል፣ አውቶዲስከቨር የሚሉትን አትሰርዙ፤ ቦታ አያጣብቡም። ኤ የሚባለው ሪከርድ ስምን ከአይፒ ቁጥር ጋር ያገናኛል፤ ኳድ ኤ ለአዲሱ ረጅም የአይፒ ዓይነት ተመሳሳዩን ይሠራል። ሲኔም ደግሞ አንድን ስም የሌላ ስም ቅጽል ያደርገዋል። ሲኔም በዋናው ዶሜይን ላይ፣ ማለትም ፊቱ ምንም በሌለው ስም ላይ፣ አይቀመጥም፤ በቅርንጫፍ ስሞች ላይ ብቻ ነው። ስም ስትሞሉ ደግሞ መጨረሻ ላይ ነጥብ ከሌለ ሲፓነል ዶሜይኑን ራሱ እንደሚቀጥልበት አስተውሉ። ካስቀመጣችሁ በኋላ መስመሩን መልሳችሁ አንብቡት፤ ዶሜይኑ ሁለት ጊዜ ተደጋግሞ የተጻፈበት መዝገብ ብዙ አይተናል።

ጉዳት የሚበዛው በኢሜይል በኩል ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ድረ ገጽ ሲጠፋ ሁሉም ያያል፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ቴሌግራም ግሩፑ ይጮኻል። ኢሜይል ሲጠፋ ግን ማንም አይጮኽም፤ አልመጣም እንጂ ጠፋ የሚል የለም። ከሌላ ግቢ የሰማነው ይህንኑ ያሳያል። ረመዳን ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ድረ ገጹ እንዲፈጥን ተብሎ ኔምሰርቨሩ ወደ ሌላ አገልግሎት ተዛወረ። ገጹ በእርግጥ ፈጠነ፤ ሁሉም ተደሰተ። የተመረቁ ወንድሞችና እህቶች ለኢፍጣር የላኩትን ገንዘብ ደረሰኝ አያይዘው የሚልኩበት አድራሻ ግን ዝም አለ። ጀመዓው ሰው የረሳው መስሎት አዘነ፤ የላኩት ደግሞ «ደርሶናል፣ ጀዛኩሙላህ» የሚላቸው አጥተው ቅር አላቸው። በመካከል የጎደለው አንድ መስመር ነበር።

ያ መስመር ኤምኤክስ ይባላል፤ ለዶሜይኑ የሚመጣ ኢሜይል ወደየትኛው ሰርቨር እንደሚሄድ የሚናገረው እሱ ነው። ኔምሰርቨር ሲቀየር የድሮው መዝገብ አብሮ አይጓዝም። አንዳንድ አገልግሎቶች ራሳቸው ፈልገው ለመቅዳት ይሞክራሉ፤ ስሙ ያልተለመደውን መስመር ግን ሊያልፉት ይችላሉ። ኤምኤክስ ከሌለ ላኪው ሰርቨር ኢሜይሉን የዶሜይኑ ኤ ሪከርድ ወደሚያመለክተው ማሽን ይወስደዋል፤ እዚያ የሚቀበለው ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ከማዛወር በፊት ሙሉውን መዝገብ በፋይል ገልብጡ፤ ቢያንስ ፎቶ አንሱት። ኤምኤክስ ወደ ስም እንጂ ወደ አይፒ ቁጥር እንደማያመለክትም አትርሱ።

ሲፓነል ውስጥ «ኢሜይል ራውቲንግ» የሚባል ሌላ ገጽ አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። የጀመዓው ኢሜይል ጉግል ወይም ሌላ ዘንድ ሆኖ እዚህ ላይ «ሎካል» ተመርጦ ከቆየ፣ ከውጭ የሚላከው በደንብ ይደርሳል፤ ከድረ ገጹ የምዝገባ ቅጽ የሚላከው ግን ሰርቨሩ «ይህ የእኔ ነው» ብሎ እዚያው ያስቀረዋል። መዝገቡ ልክ ነው፤ ሙከራውም ልክ ነው፤ የፍሬሽ ተማሪዎች ምዝገባ ብቻ አይመጣም። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ሳምንት ሙሉ ሲፈልጉ መዋል ይቻላል። «ሪሞት» የሚለውን መምረጥ ብቻ ነው መፍትሔው።

የሚወጣው ኢሜይል ደግሞ የራሱ ጉዳይ አለው። ማንም ሰው የጀመዓውን አድራሻ ላኪ አስመስሎ መጻፍ ይችላል፤ ተቀባዩ እውነተኛውን ከሐሰተኛው የሚለይባቸው ሦስት የቴክስት ሪከርዶች አሉ። ኤስፒኤፍ በዶሜይኑ ስም እንዲልኩ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች ይዘረዝራል። ዲኪም እያንዳንዱ ኢሜይል ላይ የሚያርፈውን ማኅተም ለማረጋገጥ የሚያገለግለውን ቁልፍ ይይዛል። ዲማርክ እነዚህ ካልተስማሙ ተቀባዩ ምን ያድርግ የሚለውን ይናገራል። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ጉግልና ያሁ በዚህ ላይ ጠንክረዋል፤ ወደ ጂሜይል የሚልክ ሁሉ ቢያንስ ከኤስፒኤፍና ከዲኪም አንዱን እንዲይዝ ይጠበቅበታል፤ በቀን ከ5000 በላይ የሚልክ ደግሞ ሦስቱንም። እዚህ ላይ የሚደጋገም ስሕተት አለ፦ ኤስፒኤፍ ለአንድ ዶሜይን አንድ ብቻ ነው። ሲፓነል የራሱን ጽፎ እያለ የጉግልን በሌላ መስመር ስንጨምር ሁለቱም ዋጋ ያጣሉ። ሁለቱን በአንድ መስመር ማዋሃድ ነው ያለብን።

«ቀይሬው እኮ ነበር፤ ለምን አሮጌው ይመጣል?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። ብዙዎች ለውጡ በዓለም ላይ ቀስ ብሎ ይሰራጫል ብለው ያስረዳሉ፤ ይህ ግን ትክክለኛ ሥዕል አይሰጥም። የሚሰራጭ ነገር የለም። ሪዞልቨሩ ከዚህ ቀደም የሰማውን መልስ በቲቲኤል የተሰጠው ጊዜ እስኪያልቅ ይይዘዋል፤ ሲያልቅ እንደገና ይጠይቃል። ሲፓነል በልማድ የሚሰጠው 14400 ሰከንድ ነው፤ አራት ሰዓት ማለት ነው። ሰርቨር ልትቀይሩ ካሰባችሁ ከአንድ ቀን በፊት ወደ 300 አውርዱት፤ በማግሥቱ ስትቀይሩ አሮጌው መልስ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይቆይም። ሁሉ ነገር ሲረጋጋ መልሱት። አዲስ ስም ከሆነ ደግሞ መዝገቡ ላይ ሳትጽፉት በብራውዘር አትሞክሩት፤ «የለም» የሚለው መልስም ይያዛልና። ለነገው ፕሮግራም ዛሬ ማታ መቀየርን እኛ አንመክርም።

የቀረው ለአሚሩና ለጸሐፊው የሚሆነው ነው። ከውጭ አገር ዶሜይን ለመግዛት በዶላር የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል፤ ተማሪ ደግሞ ይህ የለውም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚገዛው በብር ተቀብሎ በሚሸጥ አገናኝ ወይም ውጭ በሚኖር ዘመድ በኩል ነው። ክፍያው በዚያ መሆኑ ነውር የለውም፤ ጥያቄው ባለቤት ተብሎ የተመዘገበው ማን ነው፣ የማሳደሻ ማስጠንቀቂያውስ ወደ ማን ኢሜይል ይሄዳል የሚለው ነው። የተመረቀ ወንድም ዘንድ የሚሄድ ከሆነ እሱ ሥራ ላይ ነው፤ ያንን አድራሻ ከተወውም ቆይቷል። እሱን መውቀስ አይገባም፤ አማናውን ተቀብሎ የሚረከበው ሰው ስላልነበረ ነው። እንደ ኦርግና ኮም ያለ ስም ሳይታደስ ሲቀር ሬጂስትራሩ እስከ 45 ቀን ሊታገሥ ይችላል፤ ግን ግዴታ የለበትም። ከዚያ በኋላ 30 ቀን የማስመለሻ ጊዜ አለ፤ በዚህ ወቅት ማስመለስ ከተለመደው ማሳደሻ እጅግ ይወደዳል። ቀጥሎ አምስት ቀን ተቆልፎ ይቆይና ለማንም ይለቀቃል። ያረጁ ስሞችን እየጠበቁ የሚገዙ አሉ፤ ትላንት የሙሐደራ ቅጂ የነበረበት ገጽ የቁማር ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል። በየመስጂዱ የተለጠፈው ወረቀት ግን አሁንም ወደዚያው ይመራል።

በዚህ ዓመት ርክክብ ሲደረግ ከማኅተሙና ከሒሳብ ደብተሩ ጋር አንድ ወረቀት ይጨመር እንላለን። በላዩ ላይ የሬጂስትራሩ ስም፣ የኔምሰርቨሮቹ ስም፣ የሆስቲንጉ ስም፣ የማብቂያ ቀኑና ማስጠንቀቂያው የሚመጣበት ኢሜይል ይጻፍ። የይለፍ ቃል አይጻፍበት፤ እሱ በአካል ሁለት ሰዎች ፊት ይሰጥና ያኔውኑ ይቀየር። ማስጠንቀቂያ የሚመጣበት ኢሜይልም በራሱ በጀመዓው ዶሜይን ላይ ያለ አድራሻ አይሁን፤ ስሙ የቆመ ዕለት ያ አድራሻም አብሮ ይቆማል።