ሰላምታ የማይጠብቁ እንግዶች

ጆን ፖስቴል በ1982 እ.ኤ.አ. የኢሜይልን መተላለፊያ ደንብ ሲጽፉ ትንሽ የጨዋነት ሥርዓት አስገቡበት፦ ላኪው መስመር ከከፈተ በኋላ ተቀባዩ ሰርቨር በ«220» የሚጀምር ሰላምታ እስኪሰጠው ዝም ብሎ ይጠብቅ። ኋላ የመጡት ደንቦች ትዕግሥቱን ቢያንስ አምስት ደቂቃ አደረጉት። አንቀጹ ለሥርዓት እንጂ ለጥበቃ የተጻፈ አልነበረም።

በ2003 ስፓም የመልእክት ሣጥኑን ሲያጥለቀልቅ ኤቫን ሃሪስ ሌላ መንገድ አሰቡ። ደብዳቤውን ማንበብ ትቶ የላኪውን ጠባይ ማየት! ሰርቨሩ የማያውቀውን ላኪ «አሁን አይመቸኝም፣ ቆይተህ ሞክር» ይለዋል። እውነተኛ ሰርቨር ደብዳቤውን ወረፋ አስይዞ ይመለሳል፤ የስፓም ፕሮግራም ግን ወደሚቀጥለው አድራሻ ያልፋል። ዘዴው ሠራ። ችግሩ ጨዋውም ላኪ አብሮ መጉላላቱ ነው፤ የመጀመሪያው ሐሳብ አንድ ሰዓት ያስጠብቅ ነበር። የይለፍ ኮድ ለሚጠብቅ ሰው ይህ ዕድሜ ነው።

ሰዓቱ ወደ ሰከንድ ቢወርድስ? በ2004 የወጣው የኢሜይል ሰርቨር ፕሮግራም ሴንድሜይል 8.13 ሰላምታውን ለጥቂት ሰከንድ የሚያዘገይ ቅንብር ይዞ መጣ። ሰላም ሳይባል መናገር የጀመረ ይባረራል። ስፓም ላኪው መቸኮሉ ደግሞ ያለምክንያት አይደለም፦ በቫይረስ የተጠለፈው ኮምፒውተር አይፒ አድራሻ ብዙም ሳይቆይ ጥቁር መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ እስከዚያ የቻለውን ያህል መርጨት አለበት። ነገር ግን ለሚጠብቅ ለእያንዳንዱ ላኪ አንድ ፕሮሰስ የሚመድብ ሰርቨር በራሱ ዝምታ ይታነቃል።

መፍትሔው የሌላው የኢሜይል ሰርቨር ፕሮግራም የፖስትፊክስ ደራሲ ከሆኑት ከቪትሴ ቬኔማ መጣ። በ2011 በፖስትፊክስ 2.8 የገባው ፖስትስክሪን በአንድ ፕሮሰስ ብዙ እንግዳ ደጅ ላይ ያቆማል። እኔን የገረመኝ ግን ወጥመዱ ነው። ሰርቨሩ መጀመሪያ ከቁጥሩ ቀጥሎ ጭረት ያለበት «220-» ይልካል፤ ጭረቷ «ገና አልጨረስኩም» ማለት ናት። ከዚያ ስድስት ሰከንድ ዝም። ደንብ የሚያውቅ ይጠብቃል፣ ችኩሉ ቁጥሯን እንዳየ ይለፈልፋል። ፈተናውን ያለፈ አድራሻም ስለሚመዘገብ በማግስቱ እንደ አዲስ እስኪፈተን ድረስ ያለ ጥበቃ ይገባል።

ዘዴው ግን ወሰን አለው፦ በተሰረቀ አካውንት፣ በእውነተኛ ሰርቨር በኩል የሚላከውን ስፓም መዘግየት አይነካውም፤ እሱ እንደ ጨዋ ይጠብቃል። ፖስትፊክስ የምታስተዳድሩም አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ፖስትስክሪንን ብትከፍቱት እንኳ የሰላምታው ፈተና ሲመጣ «ችላ በል» ላይ ተቀምጦ ነው። እናንተ ካልቀየራችሁት ችኩሉን ይመዘግባል እንጂ አያግደውም።