አሮጌ ላንድሮቨር፦ ዝገቱ የት ይደበቃል?

አሮጌ ላንድሮቨር በግቢያችሁ ለመጠገን ካሰባችሁ፣ በውጫዊ ገጽታው አትታለሉ። እ.ኤ.አ. በ1948 ከወጣው የመጀመሪያው ሞዴል ጀምሮ አካሉ በአብዛኛው አሉሚኒየም ስለሆነ እንደ ብረት አይዝግም። ተሸካሚው ሻንሲ ግን ብረት ነው፤ ጭቃና ውኃ ገብተውበት ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል።

ሻንሲውን በመዶሻ ቀስ እያላችሁ ምቱት። ድምፁ የታፈነ ከሆነ ወይም ካቻቪቴ ከበሳው፣ ስቱኮና ቀለም መፍትሔ አይሆኑም። የበሰበሰው ተቆርጦ አዲስ ብረት መበየድ አለበት፤ ይህ የባለሙያ ሥራ ነው።

በብሎን የታሰሩትን ክፍሎች ግን ራሳችሁ መቀየር ትችላላችሁ። የዛገውን ብሎን ማላቀቂያ ዘይት ቀብታችሁ አሳድሩት። ክሪክን ብቻ አምናችሁ ከመኪናው ሥር አትግቡ፤ ጠንካራ መደገፊያ አድርጉ። አሉሚኒየም ከብረት ጋር ተነካክቶ እርጥበት ሲያገኝ ነጭ ዱቄት እየሆነ ያልቃል። ስለዚህ ስትገጥሙ በመካከላቸው ጎማ አስገቡ።

የዛገ የፍሬን ቱቦ ደግሞ አይለጠፍም፣ ይቀየራል። ከቀየራችሁ በኋላ አየሩን አስወጥታችሁ ፔዳሉ መጠንከሩን ሳታረጋግጡ አትንዱ። የተሳፋሪው ሕይወት አማና ነው።