ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ፦ የሐረር ወንዶች፥ የቦርጭ ክብርና የማዕድ ሥርዓት

በአገራችን የወንድ ልጅ ቦርጭ ለብዙ ዘመን የጥጋብና የክብር ምልክት ሆኖ ስለ ኖረ፥ ሰውነቱ ከልክ በላይ የወፈረ ጐልማሳ ራሱን ከሕሙማን ወገን ሊቈጥር ቀርቶ፥ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ «ተመችቶሃል» እያለ ሲያሞግሰው ደስ ብሎት ይቀበላል። ጕልበቱ ዳገት አልወጣ ሲለው፥ ሌሊት በማንኰራፋት መካከል ትንፋሹ ተቋርጦ ሚስቱ በድንጋጤ ስትቀሰቅሰው፥ ስኳርና ደም ግፊት ተባብረው ሲይዙት እንኳ፥ የሕማሙ ሥር ከወዴት እንደ ሆነ ለሐኪም የሚናገረው እጅግ ዘግይቶ ነው። ይህ መዘግየት የእኛ ወንዶች ጠባይ ብቻ አይደለም፤ በሌላውም ዓለም ለውፍረት ቅነሳ ቀዶ ሕክምና ከሚቀርቡት አምስት ሰዎች አራቱ ያህል ሴቶች ሲሆኑ፥ ወንዶቹ የሚመጡት ዕድሜያቸው ገፍቶ፥ ክብደታቸው ብሶና በተጓዳኝ ደዌ ተከበው ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ዲማሪያ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ የዚህን ሕክምና አደጋ የሚመዝን መለኪያ ባወጡ ጊዜ፥ ወንድ መሆንን ራሱን ከአምስቱ የአደጋ ምልክቶች አንዱ አድርገው ቈጥረውታል።

በሐረር ነገሩ የራሱ መልክ አለው። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዓመት ያስገነቡት የጁገል ግንብ ዙሪያው ወደ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ሲጠጋ፥ በውስጡ የሚጠማዘዙት ቀጫጭን መንገዶች ለእግርና ለአህያ የተሠሩ ስለ ነበሩ፥ የቀድሞው የከተማው ሰው ወደ ገበያም ሲወርድ፥ ወደ መስጊድም ሲወጣ፥ ሳያስበው በየዕለቱ ሰውነቱን ያደክም ነበር። ዛሬ ግን ከፈረስ መጋላ እስከ ሸዋ በር ያለውን አጭር መንገድ እንኳ ባጃጅ ይዞ የሚሄደው ብዙ ነው። ከቀትር በኋላ ደግሞ ወንዱ በሐረሪ ቤት ነደባ በሚባለው መደብ ላይ፥ ወይም በሌላው ቤት ፍራሽና ትራስ ላይ፥ ከአወዳይ የመጣውን ጫት ይዞ ለበርጫ ይቀመጣል፤ በዚያም ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ መጠጥ በተደጋጋሚ ይቀርባል። ጫት ለጊዜው የምግብን ፍላጎት ስለሚዘጋ፥ በቀን ያልተበላው መብል ሌሊት ሲመሽ በሩዝ፥ በፓስታ፥ በሳምቡሳና በሥጋ ተክሶ ይበላና ወዲያው ወደ መኝታ ይኬዳል። በርጫ የወዳጅነት፥ የሽምግልናና የንግድ ሸንጎ መሆኑን አልክድም፤ ብዙ ጠብ የበረደበት፥ ብዙ ጋብቻ የታሰበበት ጉባኤ ነው። ሆኖም ሰውነት ለዚህ ሁሉ ሰዓት መቀመጥ የራሱን ዕዳ ያስከፍላል።

በዚህ ላይ መንግሥት ራሱ ለብዙ ዓመታት በድጎማ ያከፋፈለው የረጋ የፓልም ዘይት በየወጥ ቤቱ ገብቶ ቈይቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ ዐዋጅ በጣፋጭ መጠጦችና ጐጂ ስብ ባለባቸው ዘይቶች ላይ ቀረጥ መጣሉ መልካም ጅምር ነበር፤ ነገር ግን ቀረጥ ብቻውን የማዕድን ልማድ አይለውጥም።

የብዙ ሕፃናት ዕድገት በረኀብ በሚቀነጭርበት አገር ስለ ውፍረት መጻፍ ነውር የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ እኔም ይህን ተቃውሞ አላቃልለውም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ከመቶው 38ቱ የቀነጨሩ ሲሆኑ፥ ከወንዶች ከመቶው 33ቱ የከሱ፥ 3ቱ ብቻ ክብደታቸው ከልክ ያለፈ ነበሩ። ይሁን እንጂ እነዚህ ሦስቱ በየገጠሩ ተበትነው የሚገኙ አይደሉም፤ አብዛኛውን ጊዜ በከተሞች የሚኖሩ ናቸው። የረኀብ መኖር የስኳር ሕመምተኛውን እግር ከመቈረጥ፥ የደም ግፊት ያለበትንም አባወራ በጐልማሳነቱ ሽባ ከመሆን አያድነውም። አንዲት ሀገር ሁለቱንም ደዌ በአንድ ዘመን ልትሸከም ትችላለች፤ ኢትዮጵያም ተሸክማቸዋለች።

ስለ ቀዶ ሕክምናው ምንነት ጥቂት ማለት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1966 ኤድዋርድ ሜሰንና ቺካኦ ኢቶ በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ጨጓራን ከፍለው ከትንሹ አንጀት ጋር ማገናኘት ከጀመሩ ወዲህ፥ ጥበቡ እየተሻሻለ ሄዶ ዛሬ ሁለት ዐበይት መንገዶች ተመርጠዋል። አንደኛው ባይፓስ የሚባለው ሲሆን፥ ከጨጓራው ጫፍ ትንሽ ከረጢት ተለይታ፥ መብሉ የጨጓራውን ዋና ክፍልና የአንጀቱን መጀመሪያ አልፎ ወደ ታችኛው አንጀት እንዲገባ ይደረጋል፤ ሁለተኛው ስሊቭ የሚባለው ነው፤ በዚህ ከጨጓራው ከአራት እጅ ሦስቱ ወይም ከዚያ የሚበልጠው ተቈርጦ ይወጣና ቀጭን ቱቦ የመሰለ ክፍል ብቻ ይቀራል። ሁለቱም ዛሬ በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ እየታዩ ይሠራሉ። ፈውሱ የሚመጣው ከጨጓራው መጥበብ ብቻ አይደለም፤ ረኀብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለው ሆርሞን ይቀንሳል፥ ስኳርን የሚያስተካክሉ የአንጀት ሆርሞኖችም ይጨምራሉ፤ ስለዚህ የብዙ ሰው ስኳር ክብደቱ ገና ሳይወርድ በጥቂት ቀናት ውስጥ መሻሻል ይጀምራል። በስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ 2,010 የታከሙ ሰዎችንና 2,037 ያልታከሙትን ያነጻጸረው ታላቅ ጥናት፥ የታከሙት ለረጅም ዘመን በሕይወት የመቈየት ዕድላቸው የተሻለ መሆኑን አረጋግጧል። አደጋውም ሊሰወር አይገባም፤ በአሜሪካ 10 ሆስፒታሎች 4,776 ሰዎችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ጥናት በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ከሺሑ ሦስቱ ያህል መሞታቸውን መዝግቧል።

እስከ ቅርብ ጊዜ በጸናው ደንብ ሕክምናው የሚፈቀደው የክብደትና የቁመት ንጽጽሩ 40 ለደረሰ ሰው፥ ወይም 35 ደርሶ ብርቱ ተጓዳኝ ደዌ ላለበት ነበር፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ወንድ 40 ላይ የሚደርሰው ወደ 116 ኪሎ ሲመዝን ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ግን የዚህ ሕክምና ዓለም አቀፍ ማኅበራት ሐኪሞች ደንቡን ዝቅ አድርገው፥ 35 የደረሰውን ሁሉ ያለ ተጨማሪ ምክንያት፥ ስኳር ያለበትን ደግሞ ከ30 ጀምሮ እንዲታሰብለት መክረዋል። ረኀብን የሚያስታግሡት አዳዲስ መርፌዎች መምጣታቸውም እውነት ነው፤ ዋጋቸው ግን ለብዙው ኢትዮጵያዊ ገና ሩቅ ነው፥ ሲቋረጡም ክብደቱ የመመለስ ዝንባሌ አለው።

ዋናው ጕዳይ ግን ዝግጅቱ ነው። የጨጓራው መቈረጥ የአንድ ወይም የሁለት ሰዓት ሥራ ሲሆን፥ የሰውየው ሥራ ከዚያ ብዙ ወራት አስቀድሞ ይጀምራል። ጕበቱ በስብ ካበጠ ጨጓራውን ሸፍኖ ለሐኪሙ እጅ አላስገባ ስለሚል፥ ሕመምተኛው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ያህል ጣፋጭና ቅባት ትቶ፥ በጥቂት መብል መወሰን አለበት። ሲጋራውን ከሳምንታት በፊት ያቆማል፤ የሚያንኰራፋ ከሆነ የሌሊት ትንፋሹ ይመረመራል፤ በአገራችን እጅግ የተስፋፋው የጨጓራ ባክቴሪያም ተፈልጎ አስቀድሞ ይታከማል፤ ምክንያቱም ከባይፓስ በኋላ በአካል ውስጥ የሚቀረውን የጨጓራ ክፍል በተለመደው የጕሮሮ መመርመሪያ ማየት አዳጋች ነው። የሐረር ሰው በዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ ሸክም አለበት። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብን ምት ያፈጥናል፥ የደምን ግፊት ከፍ ያደርጋል፥ ጨጓራ መብሉን የሚያወርድበትንም ጊዜ ያዘገያል፤ ስለዚህ ለማደንዘዣ ሰጪው ሐኪም ጫት መቃምን መሰወር በገዛ ነፍስ ላይ መፍረድ ነው። ጫቱን ማቆም ማለት ደግሞ የሃያና የሠላሳ ዓመት ወዳጆች ከሚሰበሰቡበት ክፍል ለጊዜው መውጣት ማለት ሲሆን፥ ወንዱ ከቢላዋው ይልቅ የሚፈራው ይህንን ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። በዚህ ጊዜ ወዳጅ የተባለ ሁሉ በርጫውን ትቶ ለአንድ ቀን እንኳ በግንቡ ዙሪያ አብሮት ቢራመድ፥ ከብዙ ምክር የሚበልጥ ውለታ ውሎለታል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሕመምተኛው በዚያው ዕለት ወይም በማግስቱ ተነሥቶ እንዲራመድ የሚገደደው፥ በእግሩ የደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ወደ ሳንባው እንዳይወጣ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀጭን ሾርባና ውሃ በትንሽ በትንሹ ይጐነጫል፤ ቀጥሎ የላመ፥ ቀጥሎ የለሰለሰ መብል ይቀርብለታል፤ ወደ ደረቅ ምግብ የሚመለሰው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሲሆነው ነው። ከባድ ዕቃ ማንሣትም ለአንድ ወር ያህል የተከለከለ ነው። ከመብል ጋር መጠጣት አይገባውም፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ሊቈይ ይገባል። በየቀኑ ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ማግኘት ስላለበት፥ ማዕድ ላይ መጀመሪያ የሚያነሣው ዕንቍላሉን፥ ዓሣውን፥ ምስሩን ሲሆን፥ እንጀራውና ሩዙ የመጨረሻ ይሆናሉ። ሳይላመጥ የሚዋጥ ጥሬ ሥጋ ለጠበበው መተላለፊያ አደገኛ ነው፤ ጣፋጩ ሐልዋም ባይፓስ የተደረገለትን ሰው ልቡን እየመታ፥ ላቡን እያፈሰሰ ሊጥለው ይችላል።

ይህ ሁሉ በጽሑፍ ሲታይ ቀላል ነው። በኢትዮጵያ ቤት ግን እንግዳ ሳይበላ አይሸኝም፤ እናት፥ አማት፥ ምራትም «በሞቴ»፥ «አፈር ስሆን» እያሉ ጉርሻ ሲያቀርቡለት እንቢ ማለት ፍቅርን እንደ መናቅ ይቈጠራል። የጠበበው ጨጓራ ግን ምሕላን አያውቅም፤ አንዲት ጉርሻ ብቻ ከልኩ በላይ ከሆነች ደረቱን አስጨንቃ ታስመልሰዋለች። ስለዚህ ሐኪሙ ምክሩን ለሕመምተኛው ብቻ ሰጥቶ ማሰናበት ያለበት አይመስለኝም፤ ወጥ የምትሠራዋን፥ ጉርሻ የምታጎርሠዋን፥ ገበያ የሚሄደውን ሁሉ አስጠርቶ አብሮ ሊያስተምር ይገባዋል።

የጾም ነገርም አለ። ኦርቶዶክሳዊው ምእመን በዓመት ከግማሽ የሚበልጠውን ጊዜ ከሥጋና ከወተት ሲርቅ፥ ሙስሊሙ በረመዳን ቀኑን ሙሉ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ይውላል፤ በሐረር ሴቶቹና አዛውንቱ ደግሞ ከዒድ በኋላ ስድስት ቀን ጾመው እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የተመዘገበውን የሹዋሊድን በዓል ያከብራሉ። አዲስ ለታከመ ሰው ውሃ ሳይጠጣ መዋል ኩላሊቱን ይጐዳል፥ ያለ ፕሮቲን መክረምም ጡንቻውን ያመነምናል። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለሕሙም ሰው የምሕረት በር አላቸው፤ ቍርኣን ሕመምተኛ በሌላ ቀን እንዲክስ ሲፈቅድ፥ የንስሐ አባትም እንደ ደዌው ክብደት ጾምን ያቀልላል። ስለዚህ ታካሚው ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ከመግባቱ በፊት ከሼኹ ወይም ከንስሐ አባቱ ጋር ቢመክር፥ በኋላ ከሚመጣው የኅሊና ጭንቀት ይድናል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ መጠጥ ነው። ከዚህ ሕክምና በኋላ አልኮል ወደ ደም የሚገባው ፈጥኖና በርትቶ ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው ከባይፓስ በኋላ በሁለተኛው ዓመት የመጠጥ ሱስ ጨምሮ ታይቷል፤ ይበልጥ የተጠቁትም ወንዶችና ወጣቶች ነበሩ። የጫትን ምርቃና በመጠጥ ለማብረድ «ጨብሲ» የሚሉት ልማድ ባለበት ከተማ፥ ቀድሞ በሦስት ጠርሙስ ያልሰከረ ሰው በአንድ ሊወድቅ እንደሚችል አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ስለ ወንድነትም በግልጽ ይነገረው፦ ክብደቱ ሲወርድ የወንድነት ሆርሞኑ ብዙ ጊዜ ይሻሻላል፤ የላላው ቈዳ ግን ይቀራል፥ የለመደው ሰውም «ምን ነካው፥ ታመመ እንዴ?» ይለዋል። በቦርጩ ሲከበር የኖረ ሰው በመክሳቱ ሲታማ ልቡ እንዳይሰበር፥ የሚያጽናናው ሰው ያስፈልገዋል።

ሕክምናው በአገራችን የሚገኘው በአብዛኛው በአዲስ አበባ በጥቂት ሆስፒታሎች ሲሆን፥ ገንዘብ ያለው ወደ ሕንድ ወይም ወደ ቱርክ ይሄዳል፤ በቶሮንቶ ወይም በሜልበርን ታክሞ ለዘመድ ጥየቃ የሚመጣም ይኖራል። ሁሉም ግን መጨረሻው ወደ ሐረር መመለስ ነው፤ ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፥ ቢ12፥ ብረት፥ ካልሲየምና ቪታሚን ዲ ዕድሜውን ሙሉ መውሰድ፥ ደሙንም በየዓመቱ ማስመርመር ግዴታው ነው። ሕይወት ፋና ሆስፒታልና ጁገል ሆስፒታል ለስኳርና ለደም ግፊት ሕሙማን የክትትል ክሊኒክ ስላላቸው፥ እነዚህን ሰዎች ለመቀበል አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም፤ አንድ መዝገብ፥ አንድ የሠለጠነ ነርስና የማያቋርጥ የመድኃኒት አቅርቦት ይበቃል። የሆድ ሕመም፥ ትኩሳትና የልብ ምት መፍጠን ይዞት የመጣውን አዲስ ታካሚ ተራ የጨጓራ ሕመም ነው ብሎ መመለስ የስፌት መተርተርን ማሳለፍ ሊሆን ስለሚችል፥ የድንገተኛ ክፍል ሐኪሞችም ይህን ሊያውቁ ይገባል። አፎቻ የተባለው የሐረሪዎች ማኅበርና የክርስቲያኑ እድር ደግሞ ለሠርግና ለሐዘን በሚያዘጋጁት ማዕድ ላይ ለእንዲህ ያለው ሰው ትንሽ ሳሕን፥ ዕንቍላልና ቅባት የሌለው ሾርባ ለይተው ቢያስቀምጡለት፥ አፈር ስሆን የሚሉትንም እናቶች አስቀድመው ቢመክሩለት፥ ታካሚው ከጉባኤው ሳይርቅ ሕክምናውን ለመጠበቅ ይችላል።