ዘጠኝ ቁጥር

አዳምስ ሞርጋን ውስጥ፣ ከኮሎምቢያ ሮድ ብዙም ሳንርቅ፣ አንዲት ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ለአራት ተከራይተን እንኖር ነበር። የፖስታ ሣጥኑ ቁልፍ አንድ ነው፤ ቀድሞ የገባ ያወጣና ጠረጴዛ ላይ ይከምረዋል። የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዴ ከፓስፖርቴ ጋር ቁልፍ በሌለው መሳቢያ ውስጥ ነበር።

እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባሁ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ቤት ለመግዛት ብድር ስጠይቅ፣ በስሜ ሁለት ክሬዲት ካርድ ወጥቶ ዕዳው እንዳልተከፈለ ተነገረኝ። መጀመሪያ የስም መምታታት መስሎኝ ነበር። የአባታችን ስም እዚህ አገር የቤተሰብ ስም ሆኖ ስለሚመዘገብ፣ የማይተዋወቁ አበሾች በወረቀት ላይ ወንድማማች ይመስላሉና። ነገር ግን ዘጠኙም ቁጥሮች የእኔ ነበሩ፤ አድራሻውም የድሮው ቤታችን።

ይህ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1936 መሰጠት ሲጀምር የሠራተኛን ደመወዝ ለመመዝገብ እንጂ ምስጢር እንዲሆን ታስቦ አልነበረም። ዛሬ ግን ስምን፣ የልደት ቀንንና ይህን ቁጥር የያዘ ሰው በሌላው ስም ሊበደር ይችላል። ደብቆ መያዝ ብቻውንም አይበቃም፤ በ2017 ከኢኩፋክስ ብቻ ወደ 147 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው መረጃ ተሰርቋል። የሚሻለው ፋይሉን መዝጋት ነው። ይህም ክሬዲት ፍሪዝ ይባላል፤ ከመስከረም 2018 ጀምሮ በሕግ ነፃ ነው። ኢኩፋክስን፣ ኤክስፔሪያንንና ትራንስዩንየንን ለየብቻ መጠየቅ ያስፈልጋል። በስልክ ወይም በኢንተርኔት ከጠየቁ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ ይዘጉታል፤ ክፈቱልኝ ሲባሉ ደግሞ በአንድ ሰዓት። (ሎክ እያሉ በየወሩ የሚያስከፍሉት ሌላ ነገር ነው፤ አያስፈልግዎትም።) ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆችም ወላጅ ማዘጋት ይችላል። በስምዎ የግብር ተመላሽ እንዳይወሰድ ግን ፍሪዙ አይከላከልም፤ ለዚያ አይ አር ኤስ በየዓመቱ የሚቀየር ባለ ስድስት አኃዝ ፒን ይሰጣል፤ ከ2021 ጀምሮ ማንም መጠየቅ ይችላል።

አንዴ ከተሰረቁ በኋላ መንገዱ ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ሪፖርት ማድረግ ነው። ሪፖርቱና መታወቂያዎ ሲደርሳቸው ሦስቱ ድርጅቶች የሐሰቱን ዕዳ በአራት የሥራ ቀናት ውስጥ ከፋይልዎ ማገድ አለባቸው። ቅጹ ግን ያደረገውን ሰው ያውቁት እንደሆነም ይጠይቃል።

አውቀዋለሁ። ስደውልለት አልካደም። ሽማግሌዎች መጡ፤ «ልጁ ወረቀቱ ገና አላለቀለትም፣ ክስ ቢነሣበት ከአገር ያስወጡታል፣ ገንዘቡን ይክፈልና ይብቃ» አሉኝ። ከፍሎም ቢሆን፣ ሳይከፈል የቆየበት ታሪክ በስሜ እስከ ሰባት ዓመት ይቀመጣል፤ አላውቅም ብሎ መፈረም ደግሞ ራሱ ወንጀል ነው። ሁለት ቀን ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጥኩ፤ በሦስተኛው ቀን ስሙን ጻፍኩት።

ዕዳው ከፋይሌ ተነሣ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም። ፍሪዙንም አላነሣሁትም፤ መኪና ስገዛ ብቻ ለአንድ ቀን አስከፍቼው ነበር።