ምጣዱ ተሸክሞት የሚመጣው ኦም

ከአዲስ አበባ በሻንጣ የመጣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሆላንድ ሲደርስ ይበልጥ ይግላል። በአምስተርዳም ዛውድኦስት፣ በሮተርዳምና በዴን ሃግ የሐበሻ ቤቶች መስመር ልዘረጋ ስገባ ደጋግሜ የማየው ነው። ባለቤቶቹ «እዚህ አገር መብራቱ ኃይለኛ ነው» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ምን ያህል ኃይለኛ እንደሆነ ደግሞ ምጣዱ ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ ማስላት ይቻላል።

የተለመደው ጽሑፍ 220 ቮልት፣ 3500 ዋት ይላል። ሰው ቶሎ የሚያየው ዋቱን ነው፤ እኔ የምፈልገው እዚያ ያልተጻፈውን ኦም፣ ማለትም የሽቦውን የመቋቋም ልክ ነው። ዋት ቮልቴጁ በተቀየረ ቁጥር ይቀየራል። ከሸክላው ሥር የተጠመዘዘው ሬዚስታንስ ግን የትም ቢሄድ ኦሙን ይዞ ይሄዳል፤ ኒክሮም ስለሆነ ሲግል እንኳ የሚጨምረው ጥቂት ነው። ኦሙን ለማግኘት ቮልቱን በራሱ አባዝቶ ለዋቱ ማካፈል ነው፦ 220 በ220 ሲባዛ 48400፣ ለ3500 ሲካፈል 13.8 ኦም ያህል። አሁን የሆላንድን 230 ቮልት ለዚህ ስናካፍል 16.6 አምፔር እናገኛለን፤ ይህ በ230 ሲባዛ ከ3800 ዋት ይበልጣል። ቮልቴጁ ከመቶ 5 እንኳ ሳይሞላ ኃይሉ ከመቶ 9 ጨመረ፤ ቮልቱ ስሌቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይገባልና።

የአገር ቤትን የበዓል ዋዜማ አስታውሱ። ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ መብራቱ ይደክማል። ቮልቴጁ 190 ከወረደ ያው ምጣድ የሚሰጠው 2600 ዋት ብቻ ነው፤ እንጀራው ዓይን አላወጣም ተብሎ ሊጡ የሚወቀሰው ያኔ ነው። እዚህ ደግሞ በጠራ የበጋ ቀትር በየጣሪያው ያለው የፀሐይ ፓነል ወደ መስመሩ ሲለቅ ቮልቴጁ ሽቅብ ይሄዳል፤ ደንቡ እስከ 253 ይፈቅዳል። በ245 ቮልት ያ ምጣድ 4300 ዋት ያልፋል፤ 17.7 አምፔር ይስባል።

ዴን ሃግ ውስጥ አንዲት እናት «ልጄ፣ ብሬከሩ እኮ አንድ ቀን ወርዶ አያውቅም» አሉኝ። ሶኬቱን ፈታሁላቸው። ነጩ ፕላስቲክ በአንደኛው ቀዳዳ ዙሪያ ቡናማ ሆኗል፤ ከውስጥ ስፒናውን የሚይዘው ብረት ጠቁሮ መንከሱን ትቷል፤ የሽቦው ልባስ ደርቆ በጣቴ ስነካው ተፈረፈረ። ብሬከሩ ግን ሥራውን አላጎደለም። 16 አምፔር የተጻፈበት የቤት ብሬከር በ16 ተኩል አይወርድም፤ በአውሮፓ ደረጃ መሠረት የተጻፈበትን 1.13 እጥፍ፣ ማለትም 18 አምፔር ያህል፣ ለአንድ ሰዓት መቻል አለበት። በሰዓት ውስጥ የግድ መውረድ የሚጠበቅበት 23 አምፔር ሲደርስ ነው። የሚጠብቀውም ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው፤ የላላ ሶኬት አይታየውም።

ስፒናውና ብረቱ በሚገናኙበት ነጥብ ላይ 0.1 ኦም ብቻ አለ እንበል። የፊዚክስ ሊቁ ጁል እ.ኤ.አ. በ1841 እንዳሳየው ሙቀቱ የሚመጣው ከረንቱ በራሱ ተባዝቶ በኦሙ ሲባዛ ነው፦ 16.6 በ16.6 በ0.1፣ 28 ዋት ያህል። ሬዲዮ ጠጋኝ እርሳስ የሚያቀልጥበት መበየጃ በዚህን ያህል ዋት ይሠራል፤ እዚህ ግን ያ ሙቀት ፕላስቲክ ውስጥ ተዘግቶ እንጀራው እስኪያልቅ ድረስ ይቆያል። ሙቀቱ ግንኙነቱን ያላላል፤ የላላው ግንኙነት ኦሙን ይጨምራል። አምፔር የሚለካው ክላምፕ ሜትር ይህን አይነግራችሁም፤ አምፔሩ ያው ነውና። ስፒናውን ነቅላችሁ ስትዳስሱት ከለብታ ካለፈ ጋገራው እዚያው ይቁም። ኤክስቴንሽን ጥቅልሉ ላይ ያለውንም ጽሑፍ አንብቡት፤ ብዙውን ጊዜ ተጠቅልሎ 1000 ዋት ገደማ፣ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ 3500 ዋት ገደማ ነው የሚችለው። ተዘርግቶም ለምጣድ አይበቃም።

ሬዚስታንሱ ሲበጠስ ቆርጦ ማያያዝ አገር ቤት ያደግንበት ጥገና ነው። በችግር ጊዜ ቤት ያቆየ ብልሃት ስለሆነ አልነቅፈውም፤ ሆኖም ሽቦው ባጠረ ቁጥር ኦሙ ያንሳል። ከአሥር አንድ እጅ ከተቆረጠ 12.4 ኦም ይቀራል፣ በ230 ቮልት 18.5 አምፔር ይስባል። ለብዙ ደቂቃ በደንብ ሲጋገርበት ቆይቶ ድንገት ብሬከር የሚያወርድ ምጣድ ካጋጠማችሁ መጀመሪያ ቋጠሮ ፈልጉ።

ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከው 120 ቮልት፣ 1500 ዋት ምጣድ ከሁሉም የባሰ ነው። ዋቱ ትንሽ ስለሆነ ያሳምናል። ኦሙ ግን 9.6 ነው፤ 230 ቮልት ላይ 24 አምፔርና 5500 ዋት ይሆናል። ስፒና ቀይሮ መሰካት ማቃጠል ነው።

ለመለካት መሣሪያ የግድ አይደለም። በብዙዎቹ የሆላንድ ስማርት ቆጣሪዎች ላይ 1.7.0 የሚለው መስመር በዚያች ቅጽበት የምትጠቀሙትን ኪሎዋት ያሳያል። ሌላውን ሁሉ አጥፉ፣ ቁጥሩን ያዙ፣ ምጣዱን አብሩ፣ ልዩነቱን በ1000 አባዝታችሁ ወደ ዋት ቀይሩት፣ ከዚያ ለ230 አካፍሉ። የምታገኙትን አምፔር ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው ስጡት። ሆላንዳዊው ምጣድ ምን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል፤ «17 አምፔር፣ ለሦስት ሰዓት ያለማቋረጥ» ሲባል ግን ወዲያው ይገባዋል፦ ለብቻው የተዘረጋ መስመር፣ ባለ 4 ስኩዌር ሚሊሜትር ሽቦ፣ 20 አምፔር ብሬከር፣ ያለ ስፒና በቀጥታ የታሰረ።