ያውቁ ኖሯል? «ሁለተኛው ዲኤንኤስ» ሁልጊዜ ተጠባባቂ አይደለም

ጅቡቲ ከተማ፣ ወደቡ አጠገብ ያለ አንድ የትራንዚት ቢሮ እንበል። ኮምፒውተሮቹ ላይ ሁለት ዲኤንኤስ (ስምን ወደ ኔትወርክ አድራሻ የሚተረጉም ሰርቨር) ተሞልቷል፦ የቢሮው የራሱ ሰርቨርና የጉግል 8.8.8.8። ብዙ ሰው «አንደኛው አላውቅም ካለ ሁለተኛው ይጠየቃል» ብሎ ያስባል። አይጠየቅም! «እንዲህ የሚባል ስም የለም» ማለት ራሱ ሙሉ መልስ ነው፤ ፕሮግራሙ ተቀብሎ ፍለጋውን ያቆማል። ወደ ቀጣዩ የሚሻገረው የመጀመሪያው ዝም ሲል ወይም ብልሽት ሲያመለክት ነው።

በአብዛኛው ሊኑክስ ውስጥ ያለው ጂሊብሲ የተባለ የስርዓት ላይብረሪ ሰርቨሮቹን በተጻፉበት ተራ ይጠይቃል፤ ከ3 በላይ ቢጽፉለት ትርፉን አያየውም። ሌላ ካላዘዙት፣ ዝም ያለውን 5 ሰከንድ ይጠብቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሰርቨር ከጠፋ ገጹ ሁሉ ይጎተታል፤ ሠራተኛውም «ዛሬ ኔትወርክ የለም» ይላል፣ የኢትዮጵያን ትራፊክ ጭምር የሚያመላልሱት የባሕር ሥር ገመዶች እዚያው ከተማ እየወጡ!

አልፓይን ሊኑክስ የሚጠቀምበት ሙስል የተባለው አቻው ግን ሁሉንም በአንዴ ጠይቆ ቀድሞ የደረሰውን መልስ ይወስዳል። ፈጣን ነው። ሆኖም የቢሮውን የውስጥ ፋይል ሰርቨር ስም 8.8.8.8 ከየት ያውቀዋል? እሱ ቀድሞ «የለም» ካለ አለቀ። ሲስተምዲ-ሪዞልቭድ የተባለው የሊኑክስ ስም ፈላጊ ደግሞ አንዴ ወደ ሁለተኛው ከተሻገረ፣ አንደኛው ቢነሳም ያኛው እስኪከሽፍ እዚያው ይቆያል። ጠዋት የተከፈተው ፋይል ከሰዓት የሚጠፋው በዚህም ሊሆን ይችላል።

የውስጥ ስም ያለው ቢሮ ሁለቱንም ዲኤንኤስ የውስጥ ያድርግ፤ የውጭውን ጥያቄ እነሱ ያስተላልፉለታል።